ሦስት ጊዜ ተጠርታ ያልቀረበችው እየሩስ

ጋዜጠኛዋ የመጣች ዕለት ቦኖው ላይ ነበርኩ። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚለቀቅልን፣ ማክሰኞና ዓርብ። ማክሰኞ ነበር፤ ጄሪካኑ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ተሰልፏል። ቁልፉን የምይዝ እኔ ነኝ፣ ስም የምጠራም እኔው። «ይማርሽ!» ስል ይማርሽ ባትኖር ጎረቤቷ «አለች!» ይላል፣ ተራዋም አያልፋትም። ልጆቼ፣ ይኸን ልብ በሉልኝ፤ በእኛ ሰፈር ሰው ለሰው «አለች» ይላል። የወለደች፣ የታመመች፣ አሸተን ማርያም ልትሳለም የወጣች፣ ሁሏም «አለች» ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመት ቁልፉን ስይዝ «አለች» የሚልላት ጠፍቶ ጄሪካኗ ያለፈባት ሴት አላስታውስም።

ልጅቱ ቀጠን ያለች ናት፣ ጫማዋን አቧራ አልብሶታል። ሰው እስኪቀዳ ዳር ቆማ ጠበቀችና ቀረበችኝ።

«አባባ ጋሻዬ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ውኃ ነው የፈለግሽ፣ ልጄ?»

«አይደለም፤ ትሕትና እባላለሁ፣ ከሬዲዮ ነው የመጣሁት። ስለ ሼዶቹ ዕጣ ላነጋግርዎት ፈልጌ ነበር።»

ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የዕጣው ቃለ ጉባኤ ቅጂ ነው። ጣቷን ያሳረፈችበትን አነበብኩት፦ «ተራ ቁጥር አምስት፣ እየሩስ፣ ሦስት ጊዜ ተጠርታ ስላልቀረበች በተጠባባቂ ተተክታለች።» ከሥሩ የሦስት ታዛቢ ሽማግሌዎች ፊርማ አለ። መሐል ያለው የእኔ ነው።

«ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«መቼ ይመችዎታል ታዲያ?»

«ውኃው ሲያልቅ» አልኳት። ያን ቀን ውኃው ባያልቅ ምን ነበረበት!

እስቲ ከሥሩ ልንገራችሁ። ማዘጋጃ ቤቱ መናኸሪያው አጠገብ ስምንት የቆርቆሮ ሼድ ሠራ። ፈረንጁ ከቀረ፣ መንገዱም አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ከከረመ ወዲህ ላሊበላ የምትተነፍሰው በገና በዓል ነው። ተሳላሚው በእግሩም በመኪናም ይጎርፋል፣ በመናኸሪያው በኩል ነው የሚገባ። እዚያ ሼድ ያለው ሰው በዚያች ሳምንት ዓመቱን ይገፋል። ስልሳ ሰው ተመዘገበ፤ እየሩስም ተመዘገበች።

እየሩስ የጎረቤቴ የይማርሽ ልጅ ናት፣ አጥር ነው የሚለየን። በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት እሷ ስትተርፍ ጆሮዋ ሳይተርፍ ቀረ። ወልድያ አክስቷ ዘንድ ሆና በምልክት ቋንቋ እስከ ስምንተኛ ተምራለች፤ መሠረተ ትምህርት ላይ ከቆምኩት ከእኔ እሷ አጥርታ ታነባለች፣ ትጽፋለች። ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ጧፍ ትሠራለች። ጧፏ አይንጠባጠብም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚነድ፣ ካህናቱም ያውቁላታል። ችግሩ ገዥው መጥቶ በር ያንኳኳል፣ እሷ አትሰማም፤ እናቷ ገበያ የወረደች ቀን ገዥው ተመልሶ ይሄዳል። ሼድ ብታገኝ ግን ሰው ፊቷ ይቆማል፣ ታየዋለች፣ ትሸጥለታለች። በቃ፣ ይኸው ነው የፈለገች። ገና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የሼዱ ውል የሚፈረም ደግሞ በሚመጣው ሰኞ ነው። ከተፈረመ ለሁለት ዓመት አይነካም።

የዕጣው ቀን ሽማግሌዎች ከደሳለ ጀርባ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር፣ ፊታችን ወደ ሕዝቡ። ደሳለ የጽሕፈት ቤቱ ሹም ነው። ከጣሳ ወረቀት እያወጣ በሜጋፎን ይጠራል። «ቁጥር አምስት፣ እየሩስ!» አለ። አየኋት። ከፊት ናት፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዓይኗን ደሳለ ላይ ተክላለች። ሰው ዞር ዞር አለ። «ሁለተኛ ጊዜ፣ እየሩስ!» እጄ ተነሣች። እስከ ትከሻዬ ድረስ ተነሥታ ነበር፤ «አለች» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። ከዚያ መናኸሪያው በሐሳቤ ታየኝ። አይሱዙ ወደ ኋላ ሲመጣ፣ ረዳቱ «ና! ና! ና!» ሲል፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ስትቆም። ይህች ምስኪን እዚያ ማን ይጠብቃታል፣ ከእናቷ ጉያ ብትቀመጥ አይሻላትም ወይ አልኩ በልቤ። እጄን መለስኳት። የሚያውቋት ሁለት ሦስት ሰዎች ወደ እኔ አዩ፤ ሽማግሌው ዝም ካለ ነገር ይኖረዋል ብለው እነሱም ዝም አሉ። ሦስተኛ ተጠራች። ደሳለ ሌላ ወረቀት አወጣ፣ «ተጠባባቂ፣ ደርበው!» አለ። እኔም ፈረምኩ።

ታዲያ ከዚያን ቀን ወዲህ ወንበር አይቀበለኝም። እቀመጥና እነሣለሁ፣ እወጣና ለምን እንደወጣሁ ጠፍቶብኝ እገባለሁ። ለማን ልንገር? ክፉ አላሰብኩም እላለሁ፤ ደግሞ ተነሥቼ እቆማለሁ።

ያን ማክሰኞ ውኃው አለቀ። ትሕትና ወደ ይማርሽ ቤት ስትሄድ ማንም ሳይጠራኝ ተከተልኳት። ከእሷ ጋር ሰሎሞን የሚባል ከወልድያ የመጣ ልጅ አለ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ። እየሩስ የእጇን ሰም ጠራርጋ ቁጭ አለች። ለካስ ለሬዲዮው ደብዳቤ የጻፈች እሷው ራሷ ናት፤ እናቷም እኔም ያን ጊዜ ነው የሰማነው።

«ያን ዕለት የት ነበርሽ?» አለች ትሕትና፣ እየሩስን እያየች።

«እኔ ገበያ ወርጄ ነበር እንጂ፣ እሷማ እዚያው ነበረች፣ ምስኪን» አለች ይማርሽ። «ምን ታውቃለች ብለሽ ነው፣ እታለም።»

«እሷ እንግዲህ እንደምታይዋት...» ብዬ እኔም ቀጠልኩ።

ትሕትና ፈገግ አለች። «እማማ፣ አባባ፣ እናንተንም እጠይቃለሁ። አሁን ግን የጠየቅኩት እሷን ነው።»

እየሩስ እጆቿን አነሣች። ሰሎሞን «እኔ ከፊት ነበርኩ» አለ።

«አንተ ደግሞ መቼ ነበርክ? ትናንት አይደል ከወልድያ የመጣኸው?» አልኩት።

ሰሎሞን የኔንም ነገር በእጁ ነገራት። እየሩስ በሳቅ ፈነዳች። «እኔ ስል እሷ ናት፣ አባባ» አለኝ ሰሎሞን። «እኔ የለሁበትም፣ ድምፅ ብቻ ነኝ።» ትሕትና በዚህ ሁሉ ሰሎሞንን አንድ ጊዜ እንኳ አላየችውም፤ ዓይኗ ከእየሩስ ፊት አይነቀልም።

«ከፊት መሆንሽን በምን ታስታውሺያለሽ?»

«የደሳለ የግራ ጫማ ክር ተፈትቶ ነበር። ይወድቃል ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

«ስምሽን ሲጠራስ?»

«አፍ አነባለሁ። ግን አፉ ላይ ያ ነገር ነበረበት» ብላ መዳፏን እንደ ቀንድ አጥፋ አፏን ሸፈነችው። «ሁሉም ሰው ዞር ዞር ሲል አየሁ። እኔም ዞር ብዬ ማን ነው የተጠራው ብዬ ፈለግኩ።»

ይማርሽ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ሽማግሌዎቹስ?»

«ሦስቱም ተቀምጠዋል። መሐል አያ ጋሻዬ። አንድ ጊዜ እጃቸውን አነሡና መለሱ። ዝንብ መስሎኝ ነበር።»

ትሕትና ጻፈች። ቀና ብላም አላየችኝ። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

ይማርሽ የትሕትናን እጅ ያዘች። «ልጄ፣ በሬዲዮ ስትናገሪ አሳዝነሽ ተናገሪላት። ከሥሩ የበገና ዜማ አድርጊበት። ሰው አልቅሶ ይርዳት።»

ሰሎሞን ይኸንንም ነገራት። የእየሩስ ፊት ተለወጠ። «ሰው እንዲያለቅስልኝ አልጻፍኩልሽም። ዕጣዬ ወጥቷል። የምጠይቀው ዕጣዬን ነው።»

«እኔም የመጣሁ ለእሱ ነው» አለቻት ትሕትና። «ምን ብዬ ልጥራሽ ታዲያ?»

«ጧፍ ሠሪ በይ። መስማት የተሳነኝ መሆኔንም አትተይው፣ ነገሩ በእሱ ነው የመጣ።»

በማግስቱ ረቡዕ ከትሕትናና ከሰሎሞን ጋር ጽሕፈት ቤት ሄድን። ታዛቢዎችም ተጠርተናል፤ ሁለቱ ጓደኞቼ አንዱ ገጠር ለሐዘን፣ አንዱ ለሕክምና ሄደው የተገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ። ደሳለ ክፉ ሰው አይደለም፣ ቶሎ የሚደናገጥ ሰው ነው።

«ሦስት ጊዜ ተጠርታለች» አለ። «ደንቡ ሦስት ጊዜ ይላል፣ አለቀ።»

«በምን ተጠራች?» አለች ትሕትና።

«በሜጋፎን ነዋ! ስልሳ ሰው በፉጨት ይጠራል?»

«እንዴት እንደያዙት ሊያሳዩኝ ይችላሉ?»

ሳቅ እያለ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደና አፉ ላይ ደቀነው። «ቁጥር አምስት!» ሲል መስኮቱ ነዘረ።

«እንደያዙ ይቆዩልኝ» አለች። ከዚያ ሰሎሞንን፦ «አፋቸው ይታይሃል?»

«ከአገጫቸው በቀር ምንም አይታየኝም።»

ደሳለ ሜጋፎኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ስሙ በሰሌዳ ተለጥፎ ነበር?»

«ለምን ይለጠፋል? ሁሉ ሰምቶት!»

«ይኼ የመመዝገቢያ ቅጿ ነው። እዚህ ላይ በጽሕፈት ቤታችሁ እጅ ‹መስማት የተሳናት› ተብሎ ተጽፏል። ይኼ ደግሞ በገጻችሁ የለጠፋችሁት ፎቶ ነው።» ስልኳን ዘረጋችለት። እየሩስ ከፊት ቆማለች፤ ነጠላዋ ሳይቀር ይታያል።

የደሳለ ግንባር ወዛ። «እኔ ከስልሳ ሰው መልክ ለይቼ አላውቅም፣ እቴ። ስትመጣም ሁሉ አልቆ ነበር፤ የመመዝገቢያ ቁጥሯን ይዛ መጣች፣ አልፏል አልኳት፣ በእጄ። ለዚህ አይደል ታዛቢ የሚቀመጠው? አያ ጋሻዬ ይጠየቁ! ጎረቤቷ ናቸው፣ እሳቸው ዝም ሲሉ እኔ ምን ልበል?»

ትሕትና መቅረጫዋን ወደ እኔ መለሰች፤ ቀይ መብራት አላት፣ እንደ ፍም።

«አባባ ጋሻዬ፣ ያን ዕለት እየሩስን አይተዋታል?»

«ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ» አልኩ።

ልጆቼ፣ ዓይኔ አልደከመም። ከሰልፉ ጫፍ የጄሪካን ምልክት ለይቼ «ያ የነሲባ ነው» የምል ሰው ነኝ።

«እጅዎን አንሥተው እንደነበር ተነግሮኛል።»

«ዝንብ ይሆናላ።» ከዚያች ልጅ አፍ የወጣውን ቃል ወስጄ መደበቂያ አደረግኩት።

«ደርበው ምንዎ ነው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቅኩም። «የክርስትና ልጄ ነው።»

ደሳለ ወንበሩን አዙሮ አየኝ። «እእእ?»

«ተጠባባቂው እሱ መሆኑን አስቀድመው ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም!» ብዬ ጮህኩ። ይኸኛው እውነት ነበር። ግን ውሸቱን አስቀድሜው ስለነበር እውነቱም ተከትሎት ሲወጣ መልኩ ያው ሆነ።

ሐሙስ ጧት ደርበው መጣ፣ ጉልበቴን ሳመኝ። «አባዬ፣ ሬዲዮ መጣ ምናምን ይላሉ። ሰኞ እፈርማለሁ አይደል? ለመደርደሪያው እንጨት አውርጃለሁ እኮ።»

«ሂድ እስቲ» አልኩት።

«ምን ልሁን? ተቆጡኝ እንዴ?»

«ሂድ አልኩህ!»

ዱላዬን ይዤ ወደ አሸተን ማርያም ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ስደርስ ምን ብዬ ነው የምቆምባት አልኩና ተመለስኩ። ሰፈር ስደርስ ይማርሽ በር ላይ ቆማ አየኋት፤ እንዳታየኝ ዞሬ እንደገና ዳገቱን ያዝኩ። እንደገና ተመለስኩ። የቤቴ ሰዎች «ምን ጠፋባቸው?» እስኪሉ ድረስ ያን ቀን አንድ ዳገት ሦስት ጊዜ ወጣሁ፣ ከላይ አንድም ጊዜ አልደረስኩም። ራሴን እጠይቀዋለሁ፦ ደርበው እንደሚወጣ አላወቅኩም፤ ግን ስሙ ሲጠራ ደስ አላለኝም ወይ? ብሎኛል። ሰው ይኸን ቢሰማ ሽማግሌው ሸጣት አይለኝም? ይለኛል። ዝም ብልስ? ሰኞ ይፈረማል፣ እየሩስ ለሁለት ዓመት ከበሩ ኋላ ትቀመጣለች፣ ገዥው አንኳኩቶ ይሄዳል።

ዓርብ ቦኖውን ከፈትኩ። ስም ጠራሁ። «ይማርሽ!» አልኩ። ይማርሽ አልነበረችም። ከሰልፉ ኋላ ጎረቤታችን ነሲባ ድምፅዋን አውጥታ «አለች!» አለች።

ቁልፉን ሳላዞር ከቦኖው ነቀልኩት።

«አያ ጋሻዬ! ምን ሆኑ? አለች አልኩ እኮ!»

«እንቺ» ብዬ ቁልፉን ለነሲባ ሰጠኋት።

«ኧረ የት ነው? ሰልፉን ለማን ጥለው?»

«ጥሪ እንግዲህ፣ አንቺም ስም ታውቂያለሽ» አልኩና ሄድኩ። ከኋላዬ ሴቶቹ ሲስቁ፣ አንዷ «ሽማግሌው ወፈፍ አደረጋቸው» ስትል ሰማሁ።

ትሕትናና ሰሎሞን ያረፉበት ሆቴል ደጅ ላይ ሻንጣ ሲያስተካክሉ ደረስኩ። መንገዱ ቅዳሜ ማታ ሊዘጋ ይችላል ተብሎ በዚያው ቅዳሜ በቀን ሊወጡ ነበር። ሳልቀመጥ «አይቻታለሁ» አልኳት። «ዝንብ አልነበረም።»

ሁሉን ነገርኳት፣ አይሱዙውንም፣ ደርበውንም። መቅረጫው ጠረጴዛው ላይ ነበር። እጇን አሳረፈችበት እንጂ አልተጫነችውም። ስጨርስ «ለእየሩስ ነግረዋታል?» አለችኝ።

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ለእሷ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከአገሩ ሕዝብ ጋር እኩል ሊደርሳት አይገባም። ሰሎሞን አብሮዎት ይሄዳል፤ እኔ አልመጣም።»

«ይኼስ?» አልኩ ወደ መቅረጫው።

«እሱም አይመጣም።»

ልጆቼ፣ ያቺ ከሆቴሉ እስከ ይማርሽ ቤት ያለች አጭር መንገድ እንደ ይምርሐነ ክርስቶስ ገዳም መንገድ ራቀችብኝ።

እየሩስ ሰም አቅልጣ ፈትል እያሳለፈች ነበር። ቆይ አለችኝ በእጇ፤ ሰሙ ሳይበርድ መጨረስ አለባት። ቆምኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ሰቀለች። እኔ እግሬን እቀያይራለሁ። በመጨረሻ እጇን ጠረገችና ፊቴ ቆመች።

ነገርኳት። ሰሎሞን እየነገራት ዓይኗ እሱን ትቶ ወደ እኔ ይመለስ ነበር። ጣቷ ላይ የቀረውን ሰም ፈቀፈቀች።

«ለምን?» አለች።

«መኪና ይገጭሻል ብዬ። አይሱዙው ወደ ኋላ ሲል አትሰሚው...»

«አምና ባጃጅ የገጨው ማንን ነው?»

ይማርሽ ከማጀት ሆና ሳቋ አመለጣት።

«እኔን» አልኩ።

«ጥሩንባው ሲነፋ ሰምተው ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተው ተገጩ። ማን ነው ታዲያ ከቦኖው ያባረረዎት? ማን ነው ቤትዎ ይቀመጡ ያለዎት?» እጆቿ ፈጠኑ። ሰሎሞን ላብ በላብ ሆነ። «ቀስ በይልኝ» አላት። «አልችልም!» ብላ መለሰችለት። «እስካሁን ቀስ ብዬ ነበር!»

ለሰው ሁሉ «አለች» ስል ኖሬ ለእሷ፣ ቆማ እያየኋት፣ ነፈግኳት። ይኸንኑ አልኳት።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«እሱን ኋላ እናየዋለን። ፊርማው ሰኞ ነው። ይሂዱና ለጋዜጠኛዋ ይናገሩ።» ከሰሙ ውስጥ አንድ ፈትል አነሣች፣ ትኩስ ሰም የሚንጠባጠብ። «‹ምስኪን› የምትለዋን ቃል ቢያወጡ ግን ይኼን አፍዎ ላይ ነው የማደርገው።»

ሰሎሞን እሷንም እኔንም አየና እንደወረደ ተረጎመው። ሦስታችንም ሳቅን፤ የእሷ ሳቅ ግን ቶሎ ነው የቆመ።

ቅዳሜ ጧት ተናገርኩ። ቀዩ መብራት በራ፤ እጄን እስከ የት እንዳነሣሁ፣ ለምን እንደመለስኩ፣ ደርበው ምኔ እንደሆነ። ትሕትና አላለፈችኝም። «ስሙ ሲጠራ ደስ ብሎዎት ነበር?» አለች። «ብሎኛል» አልኩ። ከዚያ ደርበው ዘንድ ሄዳ የእሱንም ሰማች፣ ምንም እንደማያውቅ፣ እንጨቱን በብድር እንዳወረደ። ደሳለ ዘንድም ተመልሳ የሚለው ካለ ጠየቀችው። እኔ ተናግሬ አለቀ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ሰው በሰው ላይ የተናገረውን ያንኑ ሰው ሳትጠይቅ አልወጣችም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነሲባ ደጅ ሬዲዮ ተከፈተ፣ ሰፈሩ ተሰበሰበ። እየሩስ ከመሐላችን ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች፤ ትሕትና የሚነገረውን ሁሉ በጽሑፍ ልካላታለች። የበገና ዜማ አልነበረበትም። የደሳለ ሜጋፎን ነበረበት፣ ቀጥሎ የሰሎሞን «አይታየኝም»፣ ቀጥሎ ሌላ ከተማ ውስጥ ስንት ጽሕፈት ቤት ስም በጽሑፍ እንደሚለጥፍ፣ ስንቱ እንደማይለጥፍ። እኛ ገና ስንሰማ እየሩስ አንብባ ጨርሳ ፊታችንን ታያለች፤ የቱ ጋ እንደደረስን ከፊታችን ታውቃለች። የኔ ድምፅ ሲመጣ እኔን አየችኝ። ደርበው በሬዲዮው «ብሎኛል» እስክል ድረስ ከሰዉ ጋር ቆሞ ነበር። ከዚያ ሄደ።

ሰኞ ጽሕፈት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰሎሞን የለም፣ አስተርጓሚ የለም። ደሳለ ከበላዩ ስልክ ተደውሎለት ሁለት ቀን አልተኛም መሰለኝ፣ ዓይኑ ቀልቷል። ወረቀት አገላበጠና ወደ እኔ ዞረ።

«አያ ጋሻዬ፣ የቀድሞው ፊርማዎ ተሽሯል፤ ታዛቢነቱም ከዛሬ ይቀራል። አምስት ቁጥር ሼድ ተመልሶላታል። ይንገሯት።»

አፌን ከፈትኩ። ልማድ ነው፤ ስለ እሷ አፌ ሁልጊዜ ክፍት ነበር። ዘጋሁት።

«ደሳለ፣ ፊት ለፊትህ ናት» አልኩት።

«እንዴት አድርጌ?»

«ታነባለች።»

ሰው አጉረመረመ። ደሳለ አዲሱን ቃለ ጉባኤ ገፋላት፣ የምትፈርምበትን በጣቱ አሳያት። እየሩስ እስክሪብቶ አልያዘችም። ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። ጣቷ ከመስመሩ ሥር እየሄደ፣ ሳትቸኩል። ሰባቱ ባለ ዕጣዎች ተቁነጠነጡ፤ አንዱ «ገና እስኪያልፍ ልታነብ ነው?» አለ። ጣቷ አንድ ቦታ ቆመ። እስክሪብቶውን አነሣችና በአንድ መስመር ላይ ግጥም አድርጋ ሰረዘች።

«ኧረ ሰነድ ነው!» ደሳለ ብድግ አለ። «ሰነድ አይሰረዝም! አያ ጋሻዬ፣ ይንገሯት እንጂ!»

አንገቴን አስግጌ አየሁ። «በአገር ሽማግሌ ልመናና በርኅራኄ ለአካል ጉዳተኛዋ ተሰጥቷል» የሚል ነው የተሰረዘው። ከላዩ በደህና ጽሕፈቷ «ዕጣ ወጥቶላታል» ብላለች።

እጄን ወደ ኋላዬ አጣመርኩ። አግዳሚው ባዶ ነው፣ ግን አልተቀመጥኩም። ደሳለ እኔን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ በመጨረሻ እሷን አየ። እሷ ወረቀቱን መልሳ ገፋችለት። ንጹሕ ወረቀት አወጣና ከላይ ጀምሮ እንደገና ጻፈው። ስልሳ ዓይን እያየው፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። እንደገና አነበበችው፣ ያው ከላይ ጀምራ። ፈረመች።

ከደጅ ደርበው ቆሟል። አጠገቤ አልፎ ሄደ፣ ጉልበቴንም አልሳመ፣ ዓይኔንም አላየ። እየሩስ ስትወጣ ፊቷ ቆመና ከመናኸሪያው ጥግ የከመረውን እንጨት በጣቱ አሳያት፤ ከዚያ አፉን በቀስታ ከፈት ዘጋ አድርጎ «ትገዥኛለሽ?» አላት። እየሩስ እንጨቱን ዞራ አየችው። አንዱን አንሥታ ጫፉን አሳየችው፣ ተሰንጥቋል። ደርበው ማተቡን ይዞ ማለ። ዋጋውን በጣቶቹ አሳያት፤ እሷ ራሷን ነቅንቃ አንዱን ጣት አጠፈችበት። እሱ ሰማይ አየ፣ ሳቀ፣ ተቆጣ።

እኔ ከወዲህ ማዶ ቆሜ ምላሴን ያሳክከኛል። ደርበውን «ቀንስላት» ልለው፣ እሷን «ጨምሪለት» ልላት። ማንም ወደ እኔ ዞር አላለም። ከእንጨቱ ግማሹን ለይታ አስነሣችውና አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን ጫፍ እሷ ይዘው ወደ አምስት ቁጥር ሼድ ተሸክመው ሄዱ።